ተጨማሪ መረጃ፦ እንደገና የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች

ከአርባ ምንጭ ሆናችሁ አባያ ሐይቅን ወደ ምሥራቅ ስትመለከቱ፣ ከማዶ ከፍታዎቹ ባሻገር የጌዴኦ ምድር አለ። በዚያ እጅግ ብዙ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ትክል ድንጋይ ሰዎች ጠርበው ለመቃብር ምልክት ወይም ለመታሰቢያ ያቆሙት ረጅም ድንጋይ ነው።

ከእነዚህ ሥፍራዎች አንዱ፣ ቱቱ ፈላ፣ ጥንታዊ መቃብር ነው። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዠ ዡሶም ሥፍራውን ሲያጠኑ አንድ አስደናቂ ነገር አስተዋሉ። ቀደም ሲል እንደ አምድ ከተጠረቡት ድንጋዮች አንዳንዶቹ፣ ኋላ የሰው መልክ ተቀርጾባቸው እንደገና አገልግለዋል። አስቡት፤ የኋለኞቹ ሰዎች አሮጌውን ድንጋይ አልጣሉትም፤ ለራሳቸው ሙታን መታሰቢያ አደረጉት እንጂ።

የትክል ድንጋዮቹ እድሜስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በጌዴኦ የሚገኘው ሳካሮ ሶዶ የተባለው የትክል ድንጋይ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተሠራ አመልክቷል። ይህም ቀድሞ ከሚታሰበው በ1,000 ዓመት ያህል ይቀድማል! የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ሞክሩት፦ በጋሞ ደጋም አንዳንድ የመቃብር ሥፍራዎች ዛፎቹ በማይቆረጡበት ጥብቅ ደን ውስጥ ናቸው። በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ የቆየ መቃብር ከመምህራችሁ ጋር፣ የሥፍራውን ጠባቂዎች አስፈቅዳችሁ ሂዱ። ድንጋዮቹን ሳትነኩ ቅርጻቸውን ሳሉ፤ በዙሪያው የበቀሉትን ዛፎች መዝግቡ። ከዚያም ዛፎቹ ለምን እንደማይቆረጡ አንድ አዛውንት ጠይቁ።