የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ኤሌክትሪክ ሲጐድል ጉድለቱን በሥርዐት ስለ መፈለግ

ዋጃ በራያ ቆላ፥ በቆቦና በአላማጣ መካከል፥ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዋናው መንገድ ርቀው በሚገኙ መንደሮች የታመመውን ወደ ሐኪም፥ መጽሐፉን ወደ ተማሪ ቤት ለማድረስ ሞተር ብስክሌት ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ነገር ግን የአሮጌው ሞተር መብራት በሌሊት ድንገት ቢጠፋ፥ ከብትና ከባድ መኪና በሚተላለፉበት ጐዳና ላይ የነጂውንም የእግረኛውንም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ደግሞም ምክንያቱን ሳይመረምሩ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማባከን ነው፤ ብዙ ጊዜ ጉድለቱ የላላ ሽቦ ወይም የዛገ መጋጠሚያ ሆኖ ይገኛልና።

የኤሌክትሪክን ነገር ለመረዳት የራያ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጐርፍ ጠልፎ ወደ እርሻው የሚያገባበትን ቦይ ማሰብ ይጠቅማል። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ቦዩ በመካከል ቢናድ እርሻው ይደርቃል፤ እንዲሁም ባትሪው ሙሉ ሳለ ሽቦው በመካከል ቢቈረጥ መብራቱ አይበራም። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። ጐርፉ እርሻውን አጠጥቶ በዚያው ይቀራል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከባትሪው ወጥቶ፥ በመብራቱ አልፎ፥ ተመልሶ ወደ ባትሪው መግባት አለበት። በሞተር ብስክሌት ላይ የመመለሻው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የብረቱ አካል ራሱ ነው። ስለዚህ ከብረቱ ጋር የተያያዘው ሽቦ ቢላላ ወይም ቢዝግ፥ መሄጃው ደኅና ቢሆንም እንኳ ሥራው ይቆማል።

ፍለጋው ከምንጩ ይጀመራል።

አንደኛ፥ ባትሪው ይታያል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪን ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1859 ዓ.ም. ፈለሰፈ። እያንዳንዱ ክፍል 2 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ ባለ 3 ክፍሉ 6 ቮልት፥ ባለ 6 ክፍሉ 12 ቮልት ይባላል። በደንብ የሞላ የ12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ቆሞ ሲለካ 12.6 ያህል ያሳያል። ሞተሩ ተነሥቶ ፍጥነቱ ሲጨምር ልኩ ወደ 14 ካልተጠጋ፥ ባትሪውን የሚሞላው ክፍል ወይም ሽቦው ይመርመር። ውኃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲጐድል የተጣራ ውኃ ብቻ ይጨመርበት፤ በጕድጓድ ውኃ ውስጥ ያለው ጨው ያበላሸዋልና። አሲዱ የነካው ሰው በብዙ ውኃ ይታጠብ፤ ከባትሪው የሚወጣው ጋዝ ሊፈነዳ ስለሚችል እሳት አይቅረብ።

ሁለተኛ፥ ፊውዙ ይታያል። ፊውዝ ኃይሉ ከመጠን ሲያልፍ ቀልጦ ሌላውን የሚያድን ቀጭን ሽቦ ነው። በእርሱ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ማግባት ሞተሩን ለቃጠሎ አሳልፎ መስጠት ነው። አዲሱም ወዲያው ቢቃጠል፥ ብረት የነካ የተላጠ ሽቦ ይፈለግ።

ሦስተኛ፥ ሽቦዎቹ ይታያሉ። የቆላ ሙቀት የሽቦውን ልባስ ያደርቀዋል፤ የመንገዱም መንቀጥቀጥ ይሰነጥቀዋል፤ ይልቁንም ሽቦው ዘወትር በሚታጠፍበት በመሪው ሥር። መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲዞር መብራቱ ቢበራና ቢጠፋ፥ ጉድለቱ በዚያ ሳይሆን አይቀርም። የዛገው መጋጠሚያ፥ የባትሪው ሽቦ አስቀድሞ ተፈትቶ፥ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ ይጥበቅ።

አራተኛ፥ ሞተሩ አልነሣ ቢል፥ የካንዴላው ቆብ ተነቅሎ በሌላ ደኅና ካንዴላ ላይ ይደረጋል። የዚህም ካንዴላ ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር ተነካክቶ፥ እጅ ሳይነካው፥ ቤንዚንም ርቆ፥ ማስነሻው በእግር ይረገጣል። ብርቱ ሰማያዊ ብልጭታ ቢታይ፥ የቀድሞው ካንዴላ ወይም የቤንዚኑ መንገድ ይመርመር፤ ባይታይ ግን ቆቡና ወደ እርሱ የሚመጣው ሽቦ ይፈተሻል።

መምህሩ ለባትሪው ቮልት ከሚስማማ አንድ አምፑልና ከሁለት ሽቦ መመርመሪያ መብራት ሠርቶ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ይችላል። አንዱ ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር ይያያዛል፤ ሁለተኛው ከባትሪው ጀምሮ መጋጠሚያዎቹን በተራ ይነካል። ጉድለቱ የሚገኘው አምፑሉ በመጨረሻ በበራበትና በመጀመሪያ ባልበራበት ስፍራ መካከል ነው። እስኪታረምና መብራቱ እስኪፈተን ድረስ በሌሊት መጓዝ አይገባም።