ፊደልን መድገምና ፊደልን ማወቅ

(በራዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)



እንግዳ ወደ ቤታችን ሲመጣ የምንወደው አንድ ልማድ አለ። ይኸውም የአራት ዓመት ሕፃናችንን በእንግዳው ፊት አቁመን ፊደል ማስቈጠር ነው። ሕፃኑ ከሀ እስከ ፐ ሳይደናቀፍ ቢወርደው ይጨበጨብለታል፤ ቢሳሳት ግን የወላጁ ፊት ይጠቍራል። በዛሬው ንግግሬ ላስረዳ የምፈልገው፥ ይህ ጭብጨባ የሚገባው መቼ እንደ ሆነ ነው።

እኔ ፊደል የቈጠርኩት በሰሜን ወሎ፥ በዋድላ ወረዳ፥ በኮን ነው። ዋድላ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሟ የሚጠራ የቅኔ አገር ስለ ሆነች፥ ሕፃን በአምስት ዓመቱ ከየኔታ እግር ሥር መቀመጡ እንደ ክብር ይቈጠራል። ብርዱ ብርቱ በመሆኑ ጧት ጧት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ተደርድረን፥ በስንደዶ እያመለከትን በዜማ እንጮኽ ነበር። እኔም በጥቂት ወራት ውስጥ 33ቱን ፊደላት ከነዘራቸው፥ ማለት 231ዱን በሙሉ፥ ያለ ስሕተት ወረድኳቸው። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

አንድ ቀን የኔታ ስንደዶዬን ተቀብለው ከገበታው መካከል አንዲት ፊደል ነኩና «ይህች ማን ናት?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ከሀ ጀምሬ ወደ እርስዋ ልወርድ ስል የላይኛውን መሥመር በእጃቸው ጋረዱት። ለካ የማውቀው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልነበረም! እርሳቸው ግን አልተቈጡም፤ «እንግዲያውስ አቡጊዳ ያወጣሃል» ብለው ወደ ሌላው ልጅ አለፉ።

የአቡጊዳን ጥበብ ብዙ ሰው አያስተውለውም። አቡጊዳ አዲስ ፊደል አይደለም፤ ያው የቀድሞው ፊደል ተራው ተናግቶ የቀረበ ነው። በመጀመሪያው ገበታ ልጁ ሀ፥ ሁ፥ ሂ እያለ በአንድ ቤት ውስጥ ይሄዳል። በአቡጊዳ ግን አ፥ ቡ፥ ጊ፥ ዳ፥ ሄ፥ ው፥ ዞ ሲል በእያንዳንዱ እርምጃ ከቤት ወደ ቤት ይዘላል፤ ከአንዱ ግዕዙን፥ ከሁለተኛው ካዕቡን፥ ከሦስተኛው ሣልሱን፥ እንዲህ እያለ እስከ ሳብዑ ይደርሳል። የለመደው ዜማ ስለሚከዳው በዓይኑ ከመመልከት በቀር መንገድ የለውም። እርግጥ ነው፥ አቡጊዳም በበኩሉ ሊሸመደድ ይችላል፤ እኛ ይህንኑ እንሞክር ነበር። ስለዚህም ነው ጥሩ የኔታ በመጨረሻ እንደ ገና በስንደዶ እየነካ የሚጠይቀው።

ጣሊያናዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ከተማ ውስጥ ሳን ሎሬንሶ በተባለ የድሆች ሠፈር የሕፃናት ቤት ከፈተች። በእርስዋ ዘዴ ፊደላት ከብርጭቆ ወረቀት ተቀርጸው ሕፃኑ በጣቱ ይዳስሳቸዋል። መሣሪያው ከስንደዶው ይለያል፤ ሁለቱም ግን ሕፃኑ ከራሱ ከፊደሉ ጋር እንዲገናኝ ያደርጋሉ።

የቄስ ትምህርት ቤትን ሁሉ ማመስገኔ ግን አይደለም። አለንጋው ነበረ፤ ፍርሃቱም ነበረ። ከፊደል በኋላ ሐዋርያንና ዳዊትን የምናነበው በግዕዝ ስለ ነበር፥ አፋችን የሚለውን ልባችን አያውቀውም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲጀምር ሲወስን ይህን ዓይነቱን ጒድለት ነክቷል። በሌላ በኩል ታላቁ ተማሪ ታናሹን የሚያስቈጥርበት የቈየ ልማድ አልጠፋም። የትምህርት፥ የጤናና የሴቶች ጒዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት በ2002 ዓ.ም. ባወጡት የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ፥ «ልጅ ለልጅ» የተባለው ዘዴ ከአፀደ ሕፃናት ጋር ተቀምጧል።

እንግዲህ የእኔ እምነት ይህ ነው። ሕፃንን የሚያስተምር ሰው በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ያህል ሄደ?» ብሎ ሳይሆን «የቱን አየ?» ብሎ ነው። ይህም እያንዳንዱን ልጅ ብቻውን ማድመጥን ይጠይቃል። ስድሳ ሕፃናት በታጨቁበት ክፍል ነገሩ ከባድ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም በኅብረት የሚጮኽ ክፍል ማን እንዳወቀና ማን እንዳላወቀ ይሸፍናል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞችም ማታ ከቢሮ ስንመለስ የምንመረምረው ደብተሩ ስንት ገጽ እንደ ተሞላ ነው።

ይህን የምናገረው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ባለፈው ዓመት የአራት ዓመት ልጄ በእንግዶች ፊት «ቀ» ላይ ብትቆም ክንዷን ጨምድጄ «እንደ ገና ከሀ!» አልኳት። አለቀሰች። ለብዙ ቀንም ገበታውን ሳወጣ ከአልጋ ሥር ትደበቅ ነበር። በመጨረሻ ገበታውን ሰቅዬ ተውኩትና፥ በየማታው አንዲት ፊደል ብቻ በጣቷ በጤፍ ዱቄት ላይ እንድትጽፍ አደረግሁ።

ከሳምንታት በኋላ ከታክሲ ስንወርድ እጄን ስባ አቆመችኝና ወደ አንድ ሱቅ ሰሌዳ አመለከተች። «አባዬ፥ ቡ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለችኝ። ሰሌዳው «ቡና» ይል ነበር።