ተመልሶ የመጣው ባል

1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 13ን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከሠርግ ነው። ሙሽሮቹ ቆመው፣ ኬኩ እየጠበቀ ይነበባል። ጳውሎስ ግን የጻፈው እርስ በርሱ ለሚጣላ ጉባኤ ነበር። በዚያ የተነገረው የፍቅር ጽናት በኑሮ ምን ይመስላል ስል፣ በዚሁ በጎንደር ምድር የኖሩ የአንድ ባልና ሚስት ታሪክ ትዝ ይለኛል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርቲን ፍላድ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነበር። ባለቤቱ ፓውሊን ከጋብቻዋ በፊት በኢየሩሳሌም ዲያቆናዊት ሆና አገልግላለች። ደንቢያ ውስጥ ጀንዳ በምትባል ስፍራ ተቀምጠው ለቤተ እስራኤል ወንጌልን ይናገሩ ነበር። ዘመኑ ግን ከበደ። አፄ ቴዎድሮስ በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ አጣ፤ በ1863 ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርን ጎንደር ላይ ተደብድቦ ታሰረ፤ ቆየት ብሎም የእንግሊዝ ቆንስል በሰንሰለት ገባ። እኛ ጎንደሬዎች ቴዎድሮስን እንወዳቸዋለን፤ ሲቆጡ ከአጠገባቸው መገኘት ግን ሌላ ነገር ነው።

በኤፕሪል 1866 ንጉሡ ፍላድን የእጅ ባለሙያዎች እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ፓውሊንና ሦስት ልጆቿ መያዣ ሆነው ቀሩ።

እስቲ እህቴ፣ ራስሽን በእርሷ ቦታ አስቀምጪ። ስልክ የለም። ደብዳቤ ቢመጣ እንኳ ከወራት በኋላ ነው። ንጉሡ ነገ በምን ሁኔታ እንደሚያድሩ አይታወቅም። ልጆቹ “አባባ መቼ ይመጣል?” ሲሉ ምን ይመለሳል?

ፍላድ ለንደን ደረሰ፤ ከንግሥቲቱም ጋር ተገናኘ። አገሩ ቅርብ ነበር። መንግሥት እስኪያስፈታቸው ልጠብቅ ቢል ማን ይወቅሰው ነበር? ተመለሰ እንጂ። ያውም ባለሙያዎቹን ይዞ ሳይሆን፣ እስረኞቹ አስቀድመው ይፈቱ የሚል መልእክት ይዞ! ንጉሡ እንደማይደሰቱበት ያውቅ ነበር። በ1867፣ ከሄደ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ደብረ ታቦር ደረሰና ከቤተሰቡ ጋር እስረኛ ሆነ። የተፈቱት በኤፕሪል 1868፣ በመቅደላ ነው።

በስብከታችን ስለምትጠብቅ ሚስት ብዙ እንላለን። ስለሚመለስ ባል የምንለው ትንሽ ነው፤ ይህ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ዛሬም ከወገራና ከዳባት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ የሚወርድ አባወራ አለ። ዓረብ አገር የሄደች እናት አለች። በጦርነቱ ምክንያት መንገድ ተዘግቶባቸው፣ ኔትወርክ ጠፍቶባቸው የከረሙ ባለትዳሮችም በየጉባኤያችን አሉ። የሄድህ ወንድሜ፣ ገንዘብ መላክህ መልካም ነው፤ ልጆችህ የሚጠብቁት ግን አንተን ነው። የቀረሽው እህቴም፣ ዝም ብለሽ አትቻይ። ሁለት ሦስት እህቶችን ጠርተሽ አብራችሁ ጸልዩ፤ ዱቄት ሲያልቅም ንገሪያቸው። እኛም የቅዱሳን ኅብረት ነን ካልን ቤቷን ማንኳኳት አለብን፤ “እንጸልይልሻለን” ብሎ መሄድ ቀላል ነው።

ፍላድና ፓውሊን ከእስራት ከወጡ በኋላ ወደ ደንቢያ ተመልሰው መኖር አልቻሉም። በቤታቸው ያደገው ኢትዮጵያዊው ሚካኤል አረጋዊ ግን አውሮፓ ተምሮ ተመለሰ። ድርቡሽ ጎንደርን ያቃጠለበትን 1888ን፣ ቀጥሎም የመጣውን የክፉ ቀን ረሃብ አሳልፎ፣ በ1931 እስኪያርፍ ድረስ በዚያው በእነርሱ ሥራ ላይ ነበር።