ተፎካካሪዎች ሲስማሙ ገዢ ያተርፋል

ከሞጆ አልፎ ወደ አዳማ የሚገባ መንገደኛ፣ ወይም ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል እስከ ሻሸመኔ የሚዘልቅ ሰው፣ በየከተማው አንድ ዓይነት ነገር ያያል። ይኸውም በየቆርቆሮው ጣራ ላይ ፊቱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ የቆመው ዲሽ ነው። ዲሽ የሀብታምና የድኻ ቤት አይመርጥም፤ ከፎቁም ላይ አለ፣ ከጭቃው ቤትም ላይ አለ። በሥሩ የሚኖረው ቤተ ሰብ ማታ ማታ ዜናውን፣ ድራማውንና የእግር ኳሱን ጨዋታ ይመለከታል። ምስሉ ከየት ተነሥቶ፣ በማን ስምምነት ተቀባብሎ ከዚያ እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ምሳሌ እንጀምር። ብዙዎቹ የአገራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለዓመታት ይተላለፉ የነበሩት ናይልሳትን ከመሳሰሉ፣ በምዕራብ 7 ዲግሪ አካባቢ ከሚገኙ ሳተላይቶች ነበር። በ2012 ዓ.ም. ግድም ግን የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ.ኢ.ኤስ. ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ፣ ኢትዮሳት የተባለው መድረክ በምሥራቅ 57 ዲግሪ በሚገኘው በኤን.ኤስ.ኤስ. 12 ሳተላይት ላይ ተከፈተ። ከአዳማ ሆኖ ለሚመለከተው ሰው የመጀመሪያው በስተ ምዕራብ ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛው በስተ ምሥራቅ ወደ አናት ቀረብ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ዲሽ ሠሪዎች በየጣራው እየወጡ ወደ ምዕራብ ይመለከት የነበረውን ዲሽ ወደ ምሥራቅ አዞሩት።

በዚህ ጊዜ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ታየ። ሳተላይቱ ሌላ፣ ባለቤቱም ሌላ ሲሆን፣ ምስሉ የተላከበትን ደንብ የሚያነብ ሪሲቨር ያለው ሰው ዲሹን ከማዞር በቀር አዲስ ዕቃ መግዛት አላስፈለገውም። ሪሲቨሩን የሠራው ፋብሪካ ስለ ኢትዮሳት ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። በአዳማ ሥራውን የጀመረው የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክም በመቂ ገበሬ ቤት ያለው ሪሲቨር የማን ሥራ እንደ ሆነ አያውቅም። የማይተዋወቁት እንዴት ተግባቡ? መልሱ አጭር ነው፤ ሁሉም አንድ የተጻፈ ደንብ ስለሚጠብቁ ነው። ይህ ደንብ ስታንዳርድ ይባላል።

ስታንዳርድ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አዳማ ጥሩ ትምህርት ቤት ናት። በከተማይቱ ያለፈው አሮጌው የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው አዲሱ ሐዲድ ግን ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው። ሁለቱም ብረት፣ ሁለቱም ሐዲድ ሲሆኑ፣ የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። በገበያም እንዲሁ ነው። የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና በሚለይበት ዘመን ነጋዴው በየደረሰበት እንደ ገና መስፈር ነበረበት፤ ኪሎ በመጣ ጊዜ ግን የመቂ ሽንኩርት ሻጭና የአዲስ አበባ ገዢ ያለ ክርክር ተግባቡ። ለቤት መዝናኛ ዕቃዎችም ስታንዳርድ ማለት ይኸው ኪሎና ይኸው የሐዲድ ስፋት ነው።

ታዲያ ደንቡን ማን ያወጣል? መንግሥት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በእውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጡት በገበያ ላይ እርስ በርስ የሚፎካከሩት ኩባንያዎች ራሳቸው፣ ማኅበር አቁመው፣ በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠው ነው። ነጋዴ ከተፎካካሪው ጋር የሚስማማው ለጽድቅ አይደለም፤ ገበያው ሲሰፋ የእርሱም ድርሻ ስለሚሰፋ ነው።

የቴፕ ካሴትን ታሪክ እንውሰድ። የሆላንዱ ፊሊፕስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ካሴትን ባወጣ ጊዜ ለብቻው ሊይዘው ይችል ነበር። ነገር ግን ደንቡን እስከ ጠበቁ ድረስ ሌሎች ፋብሪካዎችም ያለ ክፍያ እንዲሠሩት ፈቀደ። ስለዚህ በሻሸመኔ ሱቅ የተገዛ የዘፈን ካሴት በፊሊፕሱም፣ በሶኒውም፣ በሳንዮውም ቴፕ ያለ ችግር ይዘፍን ነበር። ካሴት በአገራችን እንዲያ የተስፋፋው ስለ ረከሰ ብቻ አይደለም፤ የትም ስለሚሠራም ነው።

አለመስማማት የሚያስከትለውን ጉዳት ደግሞ የቪዲዮ ዘመን አሳየን። ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄ.ቪ.ሲ. በ1976 ቪ.ኤች.ኤስን አወጡ (እ.ኤ.አ.)። የአንዱ ካሴት በሌላው ዴክ አይገባም። ጄ.ቪ.ሲ. ደንቡን ለሌሎች የጃፓን ፋብሪካዎች በሰፊው አካፈለ፤ ቪ.ኤች.ኤስ. ዓለምን ሞላ፤ በመጨረሻም ሶኒ ራሱ በ1988 ቪ.ኤች.ኤስ. መሥራት ጀመረ። ቤታማክስን የገዛው ቤተ ሰብ ግን የሚያጫውተው አዲስ ፊልም አጣ። በዚህ ላይ የቀለም ቴሌቪዥን አሠራር በየአገሩ ይለያይ ነበር፤ ኢትዮጵያ ፓል፣ አሜሪካ ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ.፣ ጎረቤታችን ጅቡቲ ደግሞ የፈረንሳዩን ሴካም ይዘው ነበር። ከአሜሪካ የተላከ የሰርግ ካሴት በአንድ አሠራር ብቻ በሚሠራ ዴክ ሲገባ ሙሽሮቹን በማሳየት ፈንታ የሚዘል መስመር የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነበር። ዕቃው አልተበላሸም፤ ያልተስማሙት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ ጉዳት ትምህርት የተገኘው ዘግየት ብሎ ነው። ዲቪዲ ሊወጣ ሲል ኩባንያዎቹ እንደ ገና በሁለት ወገን ተሰልፈው ነበር፤ ነገር ግን የኮምፒዩተር ፋብሪካዎች ሁለት ዓይነት ዲስክ አንቀበልም ብለው ስላስጨነቋቸው እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ ዲስክ ተስማሙ። ሆኖም በዚያው ስምምነት ውስጥ አጥርም ሠርተዋል። ዓለምን በቁጥር ከፋፍለው የአሜሪካን ዲስክ 1፣ የእኛን ክፍል 5 አሉት፤ ደንቡን አጥብቆ የያዘ ማጫወቻ የሌላውን ክፍል ዲስክ አይቀበልም። እንግዲህ ስታንዳርድ ድልድይም አጥርም ሊሆን ይችላልና፣ ማን እንደ ጻፈውና ለማን ጥቅም እንደ ተጻፈ መመርመር ያሻል።

አሁን ወደ ጣራችን ዲሽ እንመለስ። ዲጂታል ቴሌቪዥን በመጣ ጊዜ የአውሮፓ ጣቢያዎች፣ ፋብሪካዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1993 ዲ.ቪ.ቢ. የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የማኅበሩ አሠራር ለወጣት ሹም ትምህርት የሚሰጥ ነው። በመጀመሪያ መሐንዲሱ አይናገርም፤ ገበያውን የሚያውቁት ሰዎች ተሰብስበው ምን ዓይነት አገልግሎት፣ በምን ዋጋ እንደሚፈለግ ይወስናሉ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶቹ መንገዱን ይፈልጋሉ። በመጨረሻ የተስማሙበት ጽሑፍ ለአውሮፓው የደረጃዎች ተቋም ቀርቦ ማንም ሊያነበው በሚችልበት ሁኔታ ይታተማል። የሳተላይቱ ደንብ በ1994፣ የተሻሻለው ሁለተኛው ደግሞ በ2005 ወጣ። አንድ ፋብሪካ በስም የማይታወቅ ቢሆንም፣ ደንቡን ጠብቆ የሠራው ሪሲቨር በአዳማ ሱቅ ከታወቀው ጎን ተደርድሮ የሚሸጠውና ዋጋውም የወረደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት ግን ገዢው ዓይኑን ጨፍኖ ይግዛ ማለት አይደለም። ደንቡ ራሱ ያድጋል። ምስልን አጥፎ የሚልከው አሮጌው ዘዴ ኤምፔግ 2፣ አዲሱ ኤምፔግ 4 ይባላል። አሮጌውን ብቻ የሚያውቅ ሪሲቨር በአዲሱ የሚተላለፍ ጣቢያ ሲመጣበት ድምፁን እያሰማ ምስሉን የሚያጠፋበት ጊዜ አለ። ባለቤቱ ዲሹ ተነቅንቋል ብሎ ሠራተኛ ይጠራል፤ ገንዘብም ይከፍላል፤ ችግሩ ግን ከጣራው አይደለም። ስለዚህ ሱቅ የገባ ሰው «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት «የትኛውን ያነባል?» ብሎ ቢጠይቅ ገንዘቡን ያድናል።

ከጣራው ወርደን ወደ ሳሎኑ ስንገባ ደግሞ ሌላ ታሪክ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2003 ሶኒ፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ሌሎችም ተሰባስበው፣ በኋላ ዲ.ኤል.ኤን.ኤ. የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ዓላማው መልካም ነበር፤ የአንዱ ኩባንያ ቴሌቪዥን፣ የሌላው ኮምፒዩተርና የሦስተኛው ስልክ በአንድ ቤት ውስጥ ፎቶግራፍ፣ ዘፈንና ፊልም እንዲቀባበሉ ነው። ከ200 በላይ ኩባንያዎች ገቡበት፤ ምልክቱም በብዙ ዕቃ ላይ ተለጠፈ። ነገር ግን ማኅበሩ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ተበተነ።

ምን ጎዳው? ሁሉም ዕቃ የግድ ሊያነባቸው የሚገቡት የፊልም ዓይነቶች ጥቂት ነበሩ፤ የቀሩት ለየፋብሪካው ፈቃድ ተተዉ። ስለዚህ ሁለት ዕቃዎች አንድ ምልክት ይዘው ሳይግባቡ ይቀሩ ነበር። አፕል በ2010፣ ጉግል በ2013 የየራሳቸውን መንገድ አወጡ። ሕዝቡም ፊልሙን ከቤቱ ኮምፒዩተር ሳይሆን በቀጥታ ከኢንተርኔት መመልከት ጀመረ። ዛሬም ፍላሽ በቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ «አይነበብም» የሚል ጽሑፍ የሚመጣበት ሰው የዚያን ያልተፈጸመ ስምምነት ዕዳ ይከፍላል። ፍላሹ ከሶኬቱ ጋር ተስማምቷል፤ በውስጡ ያለው ፊልም ግን ከቴሌቪዥኑ ጋር አልተስማማም። አንድ ስምምነት እንዲጸና ምልክት መለጠፍ አይበቃም፤ ግዴታው የጠራ፣ አክባሪውም ተጠቃሚ መሆን አለበት።

አንባቢያችን «ይህ የፈረንጆች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። እንዲህ የሚል ወጣት የፊደሉን ታሪክ ያስታውስ። ኮምፒዩተር ወደ አገራችን በገባ ጊዜ የአማርኛ መጻፊያ የሠሩት ባለሙያዎች ለየፊደሉ የየራሳቸውን ቁጥር ሰጡ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በአሜሪካ የሚገኘው የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ማኅበር፣ ዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ሦስተኛ እትም የግዕዝን ፊደል አስገባ፤ በዚህም ሥራ በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተካፍለዋል። ዛሬ በስልካችንም ሆነ በቴሌቪዥናችን ላይ የዘፈን ርዕስ በፊደላችን የሚነበበው፣ የእኛ ሰዎች ከዚያ ገበታ ስላልቀሩ ነው። ያልተገኘ ሰው ሌላው በለካው ቁና ይሰፈራል።

በገበታው ለመገኘት በሩ አልተዘጋም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አባል ከሆነች ከ1932 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው፤ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትም የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አባል ነው። የጎደለው አባልነቱ ሳይሆን፣ ረቂቁን አንብቦ «ይህ ለባቱ ቤተ ሰብ አይስማማም» ብሎ የሚጽፍ የተማረ ሰው ብዛት ነው። መንግሥትም ፈቃዱ ካለው ኃይሉ ትልቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ ስልኮችና ታብሌቶች ሁሉ አንድ ዓይነት የቻርጀር ሶኬት፣ ዩ.ኤስ.ቢ. ሲ. እንዲኖራቸው በሕግ አዝዟል።

ነገር ግን ሁላችን ብራስልስ ወይም ጄኔቫ አንቀመጥም። አብዛኛው ወጣት ሹም የሚቀመጠው በአዳማ፣ በሞጆ ወይም በአርሲ ነገሌ ጽሕፈት ቤት ነው። እዚያም ቢሆን ሥልጣን አለው። ለትምህርት ቤት ስክሪን፣ ለአዳራሽ የድምፅ መሣሪያ ሲገዛ የጨረታውን ወረቀት የሚጽፈው እርሱ ነው። በወረቀቱ ላይ የአንድ ኩባንያ ስም ከጻፈ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ መለዋወጫ ሲፈልግ ያንኑ ኩባንያ ለመለመን ይገደዳል። ስታንዳርዱን ከጻፈ ግን ማንም ነጋዴ ተወዳድሮ ያቀርብለታል። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። ለሁሉ የተከፈተ ደንብ ማለት ሁለተኛው ባላ ነው።

ተማሪውም ከዛሬ ጀምሮ ሊለማመድ ይችላል። ቤተ ሰቡ አዲስ ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ሊገዛ ሲነሣ አብሮ ይሂድ፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ያንብብ፤ ያልገባውን ይጠይቅ። ከጉሮሮው ቀንሶ ለዕቃ ገንዘብ ያጠራቀመ አባት ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንዳይገዛ ማድረግ፣ ለተማረ ልጅ ትንሽ ውለታ አይደለም።