መሬት ስትንቀጠቀጥ ወዴት እንሩጥ?

በ2017 ዓ.ም. በአፋር፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ፣ መሬት ለወራት ስትንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ለታኅሣሥ 26 አጥቢያ በሬክተር ስኬል ከ5.5 በላይ የደረሰው መንቀጥቀጥ ደግሞ እኛንም አዲስ አበባ ድረስ ከእንቅልፋችን ቀስቅሶናል። ያን ሌሊት ብዙዎቻችን ልጆቻችንን አቅፈን በጨለማ ወደ ፎቁ ደረጃ ነበር የሮጥነው። ተሳስተናል። ፎቅ ላይ ያለ ሰው መንቀጥቀጡ እስኪቆም ከመስኮትና ከቁም ሳጥን ርቆ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ የጠረጴዛውን እግር ይያዝ፤ አልጋ ላይ ያለም እዚያው ሆኖ ራሱን በትራስ ይሸፍን። ሲቆም የጋዝ ሲሊንደሩን ዘግቶ፣ ሊፍት ሳይጠቀም፣ ወደ ሜዳ ይውጣ፤ ተከታይ መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላልና።

«ሶላት ላይ ብንሆንስ?» ብለው የጠየቁን ልጆች አሉ። መልካም ጥያቄ ነው። ነፍስን ለማዳን ሶላትን ማቋረጥ በፊቅህ የተፈቀደ ነው፤ በኋላ ይሰገዳል። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ላለው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስራት ነግረውታል። እንግዲህ ዛሬ ማታ፣ ከዒሻ በኋላ፣ ልጆቻችንን አንድ ጊዜ ጠረጴዛው ሥር እናስገባቸው። ይስቁብን ይሆናል፤ ይሳቁ።