ልጅዎ በመዝገብ ላይ ተወልዷልን?

ልጅ ተወልዶ እልልታው ሲቀልጥ፥ ገንፎው ሲገነፋ፥ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲገባና ሲወጣ፥ በሰፈሩ ያለ ሰው ሁሉ አዲስ እንግዳ መምጣቱን ያውቃል። መንግሥት ግን አያውቅም። የመንግሥት ጆሮ መዝገብ ነውና፥ አንድ ሰው ከቤት ተነሥቶ እስከ ቀበሌው ወይም እስከ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ልጅ ተወልዷል» ብሎ ካላስጻፈ በቀር፥ ያ ሕፃን በእናቱ እቅፍ ውስጥ እያለ በመዝገብ ዓይን ገና ያልመጣ ሰው ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ለእርስዎ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። እርስዎ ተማሪ ወይም ገና ሥራ የጀመሩ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ፥ በቤተ ዘመዱ መካከል ፎርም የሚሞላው፥ ማመልከቻ የሚጽፈው፥ ከቢሮ ቢሮ የሚላከው ሰው እርስዎ ነዎት። እኅትዎ ወይም ያጎትዎ ልጅ ስትወልድ፥ «እስቲ አንተ የተማርኸው ሂድልን» ወይም «አንቺ ታውቂበታለሽ» መባልዎ አይቀርም። ነገ ደግሞ የራስዎ ልጅ ይመጣል።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት ቀኑን ይቁጠሩ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760፥ ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ጋብቻ፥ ፍቺና ሞት የተሰጣቸው 30 ቀን ብቻ ነው። ለልደት ሦስት እጥፍ ጊዜ መሰጠቱ ተገቢ ይመስለናል፤ አራስ ቶሎ ከቤት አትወጣም፥ ስምም ወዲያው አይቆረጥም። በእስልምና ልማድ ስም የሚወጣው በ7ኛው ቀን ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደግሞ ወንድ በ40፥ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ታዲያ ብዙ ቤተ ሰብ «መጀመሪያ ክርስትናዋ ይውጣ» እያለ ጉዳዩን ያሳድረዋል። ሒሳቡን ልብ ይበሉ፤ ሴት ልጅ ክርስትና በተነሣች ማግስት ከ90ው ቀን የሚቀራት 10 እንኳን አይሞላም። ድግሱ አልቆ፥ የተዋሱት ድስት እስኪመለስ ድረስ ቀኑ ያልፋል። ደግሞስ የክርስትና ስም ሌላ፥ በመዝገብ የሚገባው መጠሪያ ስም ሌላ ነውና፥ አንዱ ሌላውን የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

ልጁ በሆስፒታል ወይም በጤና ጣቢያ የተወለደ እንደ ሆነ፥ መወለዱን የሚያስታውቅ ወረቀት ይሰጣል። ይህን ሳይቀበሉ ከግቢው አይውጡ። ነገር ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ማኅተም ስላየበት ነገሩ ያለቀ መስሎት ወረቀቱን አጥፎ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ያ ወረቀት የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይዘውት የሚሄዱት ማስረጃ ነው። በቤት ለተወለደ ልጅ ደግሞ ይህም የለውም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በጤና ተቋም የተወለዱት ከ100 ልጆች 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ደግሞ 48 ደረሱ። እርምጃው ትልቅ ነው፤ ሆኖም በዚያን ጊዜ እንኳ ከግማሽ የሚበልጠው ልጅ የተወለደው በቤት እንደ ነበረ አይዘንጉ።

የማስመዝገቡ ግዴታ በመጀመሪያ የአባትና የእናት ነው። አንዳቸው ባይኖሩ ሌላው፥ ሁለቱም ባይኖሩ ሞግዚቱ ወይም ልጁን የያዘው ሰው ያስመዘግባል። በጋብቻ ያልተወለደ ልጅ አይመዘገብም ብለው የሚያስፈራሩ አሉ፤ ይህ ውሸት ነው። እናት ብቻዋን ሄዳ ልጇን ታስመዘግባለች። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ላይ ለተወለደው ልጅ ባልየውን አባት ብሎ ይገምታል፤ ከዚያ ውጭ ለተወለደው ደግሞ አባቱ ራሱ ቀርቦ ልጄ ነው ብሎ እንዲቀበለው፥ ወይም በፍርድ ቤት እንዲወሰን መንገድ አብጅቷል። የአባትነቱ ጉዳይ እስኪያልቅ ተብሎ ልጁ ያለ መዝገብ ሊቀመጥ አይገባውም።

ይህ ሁሉ ለአገራችን አዲስ ነገር እንዳይመስልዎ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፥ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት መዝገብ ብዙ አንቀጾች ይዟል። ስሙንም «የክብር መዝገብ»፥ ጸሐፊውንም «የክብር መዝገብ ሹም» ብሎ ሰይሞታል። እንደ እኛ አስተያየት ከዛሬው «ወሳኝ ኩነት» ይልቅ ያ ስም ለጆሮም ለልብም ይስማማል። ነገር ግን በዚያው ሕግ መጨረሻ፥ በቁጥር 3361፥ ይህ ክፍል የሚጸናበት ቀን በነጋሪት ጋዜጣ በትእዛዝ እስኪነገር ድረስ ይቆይ ተብሎ ተጻፈ። ትእዛዙ ሳይወጣ ዘውዱም ደርጉም አለፉ። በከተማ ማዘጋጃ ቤት ለጠየቀ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ በገጠር ግን የሰው ልደት የሚታወቀው በእናቱ ልብ ነበር። በዚህ ምክንያት በ2008ቱ ጥናት ልደታቸው ተመዝግቦ የተገኙት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ከ100 3 ብቻ ሆኑ። በመላ አገሪቱ ምዝገባው በአዲሱ አዋጅ የተጀመረው ከዚያ በኋላ፥ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።

መቼም የእናት ልብ ክፉ መዝገብ አይደለም፤ ጉድለቱ ዓመተ ምሕረት አለመያዙ ነው። ዘግይተው ልጅ ሊያስመዘግቡ በሚመጡ ሰዎች ዘንድ እንዲህ ያለ ንግግር አይጠፋም።

«እማማ፥ ልጁ መቼ ተወለደ?»

«ለገብርኤል አጥቢያ ነው፥ ልጄ፤ ዝናቡ ሊያቆም ሲል።»

«የስንት ዓመተ ምሕረት?»

«እኔ ምን አውቄ! ታላቁ ትምህርት ቤት የገባ ዓመት ነው እንጂ።»

አንባቢ ሆይ፥ እኚህ እናት የተናገሩት ከመሰለዎ በላይ ነው። ገብርኤል በ19 ነውና ሌሊቱ 19 ለመሆን የሚነጋው ሌሊት ነው፤ ዝናቡ ካመለከተ ወሩ መስከረም ሳይሆን አይቀርም፤ ታላቁ ልጅ ደግሞ የትምህርት ቤት ወረቀት ይኖረዋልና ዓመቱ ከዚያ ይገኛል። ትዕግሥት ያለው ጸሐፊ እንዲህ እየጠየቀ ቀኑን ያወጣዋል። የቸኮለው ግን መስከረም 1 ብሎ ጽፎ ያሰናብታል። በዕንቁጣጣሽ ተወለዱ የሚባሉት ሰዎች ብዛት እርስዎንም ሳያስገርምዎ አልቀረም! ልጁ ሳይውል ሳያድር፥ ምስክሩ ሳይሞት፥ ቀኑ ሳይረሳ መጻፍ አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚያስቸግረው የሁለት ዘመን አቆጣጠር ነገር ነው። አብዛኛው ሰው በእኛና በፈረንጆች ዘመን መካከል 8 ዓመት ልዩነት አለ ብሎ ያን ይደምራል። ይህ ልክ የሚሆነው ከጃንዋሪ በኋላ ብቻ ነው፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። በምሳሌ ይዩት። ታኅሣሥ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 29 ቀን 2016 ነው። በ5 ቀን የሚያንሰው የጎረቤቱ ልጅ፥ ታኅሣሥ 25 የተወለደው፥ ጃንዋሪ 3 ቀን 2017 ይሆናል። ስለ መጀመሪያው ልጅ 8 ደምሮ የጻፈ ሰው ልጁን በአንድ ዓመት አሳነሰው ማለት ነው። ይህ ስሕተት ዛሬ ምንም አይመስልም፤ ልጁ አድጎ ፓስፖርት ሲያወጣ ግን ሁለት ወረቀቱ ሁለት ሰው ይሆኑበታል። ጳጉሜን 6 ለተወለደም ልጅ ይጠንቀቁለት። ያ ቀን የሚመጣው በ4 ዓመት አንድ ጊዜ፥ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ነውና፥ ዓመቱ ተሳስቶ ቢጻፍ ቀኑ ራሱ የሌለ ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 አለ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ግን የለም።

የስም ነገርም እንዲሁ ነው። ሥላሴን በንጉሡ «ሠ» ወይም በእሳቱ «ሰ»፥ ዓለምን በዐይኑ «ዐ» ወይም በአልፋው «አ» ብንጽፍ ለእኛ ንባቡ አንድ ነው። ኮምፒውተር ግን እንደ እኛ አይታገሥም፤ ሌላ ፊደል ለእርሱ ሌላ ሰው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ይብሳል። ፀሐይ የምትባል ልጅ ስሟ በአንዱ ወረቀት በ«ቲ»፥ በሌላው በ«ኤስ» ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ አባትና እናት ከመሄዳቸው በፊት የልጁን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም በሁለቱም ፊደል በብጣሽ ወረቀት ጽፈው፥ ከራሳቸው መታወቂያና ፓስፖርት ጋር አስተያይተው ይሂዱ። ቃል ተሰምቶ ከሚጻፍ ከወረቀት ተገልብጦ ቢጻፍ ይሻላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነው? አንዲት ልጅ በ14 ዓመቷ ልትዳር ስትል ምን እንደሚሆን ያስቡ። ሽማግሌ ተልኳል፥ ጥሎሽ ተቆርጧል። አስተማሪዋ «ልጅ ናት» ትላለች፤ አባትዬው «18 ሞልቷታል፥ እኔ ነኝ የወለድኋት» ይላል። የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ነገር ግን ሕጉ ዕድሜ ይናገራል እንጂ የልጅቷን ዕድሜ ከየት ያውቀዋል? ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ቢደርስ፥ ወደ ሐኪም ተልካ አጥንቷና ጥርሷ ይመረመራል፤ ይህም ግምት ይሰጣል እንጂ ቀን አይነግርም። በዘጠና ቀን ውስጥ የተጻፈች አንዲት ገጽ ብትኖር ግን አስተማሪዋ ከአባትዬው ጋር መከራከር አያስፈልጋትም ነበር።

ወንዱም ልጅ እንደዚሁ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ እንደ ጎልማሳ አይቀጣም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። በእነዚህ ቁጥሮች መካከል የአንድ ዓመት ስሕተት ልጁን ከትምህርት ቤት ወደ ወኅኒ ሊወስደው ይችላል።

እርስዎ ራስዎስ? የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚወጣው 60 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ዕድሜው የሚቆጠረውም መጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው ነው። በተቀጠሩበት ቀን በሕይወት ታሪክ ፎርምዎ ላይ በችኮላ የጻፉት ዓመት፥ ጠጉርዎ ሲሸብት ከፊትዎ ይቆማል። በዚያን ጊዜ «ለካ ያነስሁ ነኝ» ማለት አይረዳም። ተማሪም ከሆኑ፥ የውጭ አገር ትምህርት ዕድል ሲመጣ ከሚጠየቁት ወረቀቶች አንዱ የልደት ምስክር ወረቀት ነው፤ በዚያ ሳምንት መሯሯጥ ከመጣ ዛሬ ማውጣት ይሻላል።

ዘጠናው ቀን ቢያልፍም መዝገቡ አይዘጋም። ዘግይቶም ይመዘገባል፤ ለእርስዎም ለታናናሾችዎም ይሆናል። ብቻ ጊዜው በራቀ መጠን የሚጠየቀው ማስረጃ ይበዛል፤ የክትባት ካርድ፥ የክርስትና ወረቀት፥ የትምህርት ቤት ማስረጃ፥ ምስክር እንደየቦታው ይጠየቃል። ስለዚህ በእጅዎ ያለውን ሁሉ ሰብስበው ይሂዱ። ከአገር ውጭ ለተወለደ ልጅ ወላጆቹ የኢትዮጵያን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይጠይቁ። በአገራችን የተጠለሉ ስደተኞችም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ልጆቻቸውን በዚሁ መዝገብ ያስመዘግባሉ።

በመጨረሻ ወረቀቱ ተጽፎ፥ ተፈርሞ፥ ማኅተም ተመቶበት ሲሰጥዎ በደስታ አጥፈው ኪስዎ አይክተቱት። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ቢያጉረመርምም፥ እዚያው መስኮቱ አጠገብ ቆመው ከላይ እስከ ታች ያንብቡት። የልጁ ስም፥ ጾታው፥ የአባቱና የእናቱ ስም ከነአያት፥ የተወለደበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፥ የተወለደበት ቦታ ልክ መሆኑን አንድ በአንድ ይዩ። ስሕተት ካገኙ ለጸሐፊው በትሕትና አሳይተው ያን ጊዜውኑ ያሳርሙት፤ ከሄዱ በኋላ ማሳረም ሌላ ማመልከቻ፥ ሌላ ማስረጃ ነው። ከዚያም ሁለት ሦስት ግልባጭ ያስነሡ። ለክትባቱም፥ ለትምህርት ቤቱም ግልባጩን ይስጡ፤ ዋናው ከቤት አይውጣ።