ስፒከሩን ከመቀየራችሁ በፊት ቦታውን ቀይሩት

ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ፣ ሊሾ ወለል። በጅቡቲ መንገድ ላይ ባለችው ሰርዶም ሆነ በሌሎቹ የአፋር ከተሞች አሁን አሁን የሚሠራው ክፍል ከዚህ ብዙ አይርቅም። እዚያ ውስጥ ትልቅ ስፒከር ብትከፍቱ ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። «ፎርጅድ ሸጠልኝ» ብላችሁ ነጋዴውን ከመርገማችሁ በፊት አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ጥንንን ብሎ ከቆየ ጥፋቱ የስፒከሩ ሳይሆን የክፍሉ ነው።

ደቦይታን አስቡ፤ የአፋር ሴቶች እንጨት አጉብጠው፣ ሰሌን አልብሰው የሚሠሩትን፣ በግመል ተጭኖ የሚሄደውን ቤት። እዚያ ብታጨበጭቡ ድምፁ ወዲያው ይሞታል። ሰሌኑ ከፊሉን ይውጠዋል፣ ከፊሉን ወደ ውጭ ያሳልፈዋል። ሲሚንቶ ግን የመጣበትን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይመልሳል። ጆሯችሁ አንዱን ቃል ደጋግሞ፣ ትንሽ ትንሽ እየዘገየ ይሰማዋል፤ ግጥሙ የሚደበላለቀው ለዚህ ነው።

የባሱ ነገር ይለያል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአፋር የ40 ዲግሪ ሙቀትማ 355 ይደርሳል። የ50 ኸርዝ ባስ አንዱ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ነው፤ ክፍላችሁ ግን ቢበዛ 4 ሜትር ቢሆን ነው። ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም አንዱ ቦታ ይከመራል፣ ሌላው ቦታ ይጠፋል። አልጋው ላይ ቤቱን የሚያናውጠው ባስ ክፍሉ መሀል ላይ የሚሳሳው በዚህ ምክንያት ነው። ስፒከሩ ጥግ ውስጥ ሲወሸቅ ደግሞ ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ ተባብረው ያጎሉታል። ብዙ ሰው ይህን ይወደዋል፤ ጎረቤትም ጆሮ እንዳለው ባይረሳ ጥሩ ነበር።

እናም ከጥጉ አውጡት። ከኋላው ግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል ይራቅ። ሁለት ከሆኑ በመካከላቸው ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ እናንተ ያለው እኩል ይሁን፣ ትንሿ ድምፅ ማውጫም በጆሯችሁ ቁመት ትሁን። አንድ ብሉቱዝ ብቻ ያለው ይህን ይርሳው፣ ወደ ራሱ ያዙረው ይበቃል። ቁምሳጥን አናት ላይ መስቀል ግን አይሆንም። ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰች ከተማ ናት፤ እዚህ ከባድ ዕቃ ከአናት በላይ የማይቀመጥበት ሌላም ምክንያት አለ።

ቀጥሎ ስልካችሁን አውጡ። ስክሪኑን አጥፉና ጓደኛችሁ እንደ መስታወት በጎን ግድግዳው ላይ ያንሸራትተው። ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ ስፒከሩ ስክሪኑ ውስጥ የታያችሁበት ቦታ ድምፁ ነጥሮ የሚመጣባችሁ ቦታ ነው። እዚያ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የታጠፈ ጋቢ ስቀሉ፤ ከግድግዳው አራት ጣት ፈቀቅ ቢል ይበልጥ ይሠራል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ጣሉ። ስስ ሰሌን ሲሚንቶ ላይ መለጠፍ ግን እምብዛም አይረዳም፤ ደቦይታ ውስጥ ከኋላው ያለው ሲሚንቶ ሳይሆን ሜዳው ነዋ።

ማታ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎ ስፒከሩን ደጅ ካወጣችሁት የሚመልስ ግድግዳ የለም። ድምፁ ይጠራል፣ ባሱ ይሳሳል። ያኔ ቤቱ ግድግዳ ሥር አስጠጉት፤ ጥቂት ይመለስላችኋል።